«ጉልበት» እና «ግፊት»፦ በነዳጅ ፓምፕ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ሥራ በወረቀት ላይ ባለው ውበት ብቻ ሊመዘን አይገባውም። ቃሉ ከሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚያሠራው፣ ከምን ዓይነት ስሕተትም እንደሚጠብቀው መታየት ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በካርቡራቶር በሚሠራ አሮጌ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፕና ሬጉሌተር ሲገጠም በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚነገሩት ቃላት ናቸው። ጉዳዩ ጠባብ ቢሆንም የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም፤ ቤንዚን፣ ትኩስ ሞተርና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ ኮፈን ሥር የሚገናኙበት ሥራ ነውና። ሂሳችን የጋራዡን ቃላት ብቻ የሚነካ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ትርጉምና የራሳችንንም የስያሜ ልማድ የሚመለከት መሆኑን አስቀድመን ልንገልጽ እንወዳለን።

፩. የነገሩ መነሻ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ የወገራን አምባ አቋርጦ ዳባትን ካለፈ በኋላ፣ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ ይደርሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በተጠረበው በሊማሊሞ ገደል ተጠማዝዞ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይዘልቃል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ያን ሁሉ ዳገት በከባድ ማርሽ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ይህንኑ ዳገት ስንወጣ፣ ከእኩሌታው በላይ እንደ ተጓዝን ሞተሩ መንተባተብ ጀመረና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከከፈተ በኋላ «አየር ያዘ» አለ። ረዳቱም ይህን እንደ ሰማ የቧንቧዎቹን ማያያዣዎች አንድ በአንድ እየዞረ አጠበቀ። ሞተሩ ግን አልተነሣም። በኋላ ሾፌሩ ጨርቅ በውሃ ነክሮ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ጠቀለለበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ መኪናው ምንም እንዳልነካው ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ።

ደባርቅ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩም ጉዳዩን ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ፓምፕ ደክሟል፤ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ልግጠምልዎ» አለው። በማግስቱ ከሌላ መኪና የተፈታ ፓምፕ ተገኝቶ ተገጠመ። ቁልፉ ገና ሲዞር ግን ቤንዚኑ ከካርቡራቶሩ አፍ ገንፍሎ በሞተሩ ላይ ፈሰሰ። ቁልፉ ፈጥኖ ስለ ተዘጋና ሞተሩም ገና ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ጉዳት አልደረሰም። መካኒኩ ቸልተኛ ወይም ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የጠየቀው ጉልበት ያለው ፓምፕ ነው፤ የተሰጠውም ጉልበት ያለው ፓምፕ ነው። የተገኘው ፓምፕ ነዳጅን በኢንጀክሽን ለሚረጭ ሞተር የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ለይቶ የሚጠይቅበትና የሚመልስበት ቃል በሻጩና በገዢው መካከል አልነበረም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ነው።

፪. «አየር ያዘ» ስለሚለው አነጋገር

«አየር ያዘ» የሚለው አነጋገር በናፍጣ ሞተር ጥገና ዘንድ ትክክለኛና ጠቃሚ ነው። በናፍጣ መስመር ውስጥ በላላ ማያያዣ በኩል አየር ሲገባ ሞተሩ ይቆማል፤ መፍትሔውም ማያያዣውን ማጥበቅና አየሩን ማስወጣት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሕመሙንና መድኃኒቱን አንድ ላይ ይናገራል። በሊማሊሞ ዳገት ላይ ግን ወደ ቤንዚኑ ቧንቧ የገባ አየር አልነበረም። ቤንዚኑ ራሱ ተንኖ ነው መንገዱን የዘጋው።

የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። የማንኛውም ፈሳሽ የመፍላት ጠባይ በላዩ በሚያርፈው ግፊት ይወሰናል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ቤንዚን እዚህ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይተናል። በዚህ ላይ የመካኒክ ፓምፑ የሚገኘው በትኩሱ ሞተር ጎን ተጣብቆ ሲሆን፣ ነዳጁንም ከኋላ ካለው ታንክ እየሳበ ያመጣል። የሚሳብ ፈሳሽ ግፊቱ ይበልጥ ይቀንሳል። ሙቀት፣ ከፍታና መሳብ ሦስቱ ሲተባበሩ በቧንቧውና በፓምፑ ውስጥ ተን ይፈጠራል፤ ፓምፑም ተኑን ሲያጨማድድና ሲለቅ ይውላል እንጂ ፈሳሹን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። እርጥቡ ጨርቅ የረዳውም ተኑን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ስለ መለሰው ነው።

«አየር ያዘ» የሚለው ቃል ወደ ቤንዚን ሞተር ሲዛወር መድኃኒቱን አብሮ ስለ ወሰደ ረዳቱን ወደ ማያያዣዎቹ መራው። ሕመሙ ሌላ፣ ስሙም የሌላ ሕመም ስም ሆነ። እዚህ ላይ የታሪክ ምጸት አለ ለማለት ይቻላል። በውጭ አገር ቋንቋዎች ይህ ችግር የሚጠራው ተን ወይም እንፋሎት ማለት በሆነው «ቫፖር» በሚለው ቃል ነው። ይኸው ቃል በዓረብኛ በኩል አልፎ ወደ አማርኛ ከገባ ቈይቷል፤ «ባቡር» ሆኖ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር። ሆኖም ባቡር ዛሬ እንፋሎትነቱን ፈጽሞ ስለ ረሳ ወደ መነሻው ልንመልሰው አንችልም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ «ተን ቋጠረ» የሚል ነው። አማርኛችን የሆነ ነገር በውስጡ የያዘን ነገር «ቋጠረ» ይላል፤ ደመናው ዝናብ ቋጠረ፣ ቍስሉ መግል ቋጠረ፣ ዓይኑ እንባ ቋጠረ እንላለን። እንደዚሁም «መስመሩ ተን ቋጠረ» ብንል ሰሚው ከውጭ የገባ ነገር ሳይሆን ከውስጥ የተፈጠረ ነገር መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ መፍትሔውንም በማያያዣው ላይ ሳይሆን በሙቀቱና በግፊቱ ላይ ይፈልጋል። ስሙ «ተን ቋጠሮ» ሊሆን ይችላል። «እገታ» የሚለውን ቃል ለዚሁ የሚያቀርቡ አሉ፤ ነገር ግን ቃሉ በዛሬው ዘመን በመንገደኛ ጆሮ ሌላ አስፈሪ ትርጉም ስላለው፣ በዚህ መንገድ ላይ ለሚጓዝ ሰው የሚነገር አይደለም።

፫. ፓምፑ፦ ሳቢ ወይስ ገፊ?

የኤሌክትሪክ ፓምፕ በጋራዡ «የኤሌክትሪክ» ተብሎ ሲለይ፣ ሁለቱን ፓምፖች የሚለየው የኃይል ምንጫቸው ብቻ ይመስላል። እውነት ነው፤ የመካኒክ ፓምፑ በካምሻፍት ገፊነት እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየተነፋና እየተኮማተረ ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ ከባትሪ በሚያገኘው ኃይል ይሠራል። ሆኖም ለሥራው ዋናው ልዩነት ይህ አይደለም። የመካኒክ ፓምፑ ሞተሩ ዘንድ ሆኖ ይስባል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ ዝቅ ብሎ ሲገጠም ነዳጁን እስከ ሞተሩ ድረስ ይገፋል። የሚገፋ ቤንዚን በግፊት ውስጥ ስለ ሆነ በቀላሉ አይተንም። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሞተሩ አጠገብ ቢገጠም ግን ኤሌክትሪክ መሆኑ ብቻውን ከተን ቋጠሮ አያድነውም፤ ያው ሳቢ ሆኖ ይቀራልና።

ይህን ልዩነት የአካባቢው ገበሬ ያውቀዋል። የመስኖ ሞተር ያለው ሰው ሞተሩን ከወንዙ አጠገብ አውርዶ የሚተክለው ሩቅ ሲሆን መሳብ እንደሚያቅተው፣ መግፋት ግን እንደማያቅተው በልምድ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ «ሳቢ ፓምፕ» እና «ገፊ ፓምፕ» የሚሉት ስሞች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመስኖው ዳር ተነሥተው ወደ ጋራዡ ሊገቡ ይችላሉ። «መሳቢያ» እና «መግፊያ» የሚሉትን ግን አንመርጥም፤ የመጀመሪያው የጠረጴዛ ኪስ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ወተት የሚናጥበትን ቅል ያስታውሳል። «ሳቢ» የሚለው ቃል «ማራኪ» የሚል ትርጉምም እንዳለው አንዘነጋም፤ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲነገሩ ግን ይህ ድርብ ትርጉም ሊያሳስት አይችልም ብለን እናምናለን።

በተጨማሪም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ «የኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ ከአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር ተያይዟል። አሮጌዎቹ ላዳዎች፣ ኮሮላዎችና ላንድክሩዘሮች ደግሞ ገና ብዙ ዘመን እየተጠገኑ ይኖራሉ። የጥገናው ቃል እንዲጠራ የምንሻበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

፬. «ጉልበት» የሚለው ቃል የሚሸፍነው

ከሁሉ የሚበልጠው ሂሳችን «ጉልበት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በጋራዡ ቋንቋ ፓምፕ ጉልበት አለው ሲባል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው በአንድ ደቂቃ ምን ያህል ሊትር ያሳልፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ምን ያህል አጥብቆ ይገፋል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን «ፍሰት»፣ ሁለተኛውን «ግፊት» ልንለው ይገባል። ዳገት ለሚወጣ ሞተር የሚያስፈልገው በቂ ፍሰት ነው። ግፊቱ ግን ከመጠን ሲያልፍ ጠላት ይሆናል።

ካርቡራቶር በውስጡ ትንሽ ገንዳ አለው። በገንዳው ላይ ተንሳፋፊ ነገር ተቀምጦ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሣና ስለታም መርፌን ወደ መግቢያው ቀዳዳ ይገፋል፤ መግቢያውም ይዘጋል። መርፌውን የሚደግፈው ይህ ተንሳፋፊ ብቻ ስለ ሆነ አቅሙ ውስን ነው። አብዛኞቹ ካርቡራቶሮች ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ባለው ግፊት ይሠራሉ። ለኢንጀክሽን የተሠራ ፓምፕ ግን 3 ባር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይገፋል፤ ይህም አሥር እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ግፊት መርፌውን ከመቀመጫው ስለሚያነሣው ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ በትኩስ ብረት ላይ ከፈሰሰም ይቃጠላል።

«ግፊት» የሚለው ቃል ለአካባቢው ሰው እንግዳ አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል። በየጤና ጣቢያው «የደም ግፊት» ይለካል፤ በደባርቅ ገበያ ያለች እናትም «ግፊት አለብኝ» ስትል ደሜ በዛ ማለቷ አይደለም፤ ደሙ በሥሯ ውስጥ ከመጠን በላይ ይገፋል ማለቷ ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ በፓምፕ ዘንድም ፍሰትንና ግፊትን ለመለየት ረጅም ትምህርት አያሻውም። ቃሉ ከጤና ጣቢያው እስከ ጋራዡ ድረስ እንዲሻገር የሚያደርገው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

፭. ሬጉሌተርና «መቆጣጠሪያ»

በፓምፑና በካርቡራቶሩ መካከል ገብቶ ግፊቱን ወደሚፈለገው መጠን የሚያወርደው ዕቃ ሬጉሌተር ነው። በውስጡ ስስ ጎማና ሞላ አሉ፤ ከወዲያ በኩል ያለው ግፊት ከተወሰነው ሲያልፍ ጎማው ተገፍቶ መንገዱን ያጠባል፤ ሲቀንስም ይከፍታል። ይህ ዕቃ በደባርቁ መኪና ላይ አልተገጠመም ነበር። ቃሉ ግን በጋራዡ ውስጥ ነበረ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ «ሬጉሌተር» ለመካኒኩ ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ኃይል መሙያ የሚያስተካክለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ ለቤት እመቤቷም በጋዝ ሲሊንደር አናት ላይ የሚገጠመው ነው። «የኤሌክትሪክ ፓምፕና ሬጉሌተር ያስፈልጋል» የተባለ ሰው ሁለቱንም የኤሌክትሪክ ዕቃ አድርጎ ቢረዳቸው አይፈረድበትም።

የትምህርት ቤት ትርጉም በበኩሉ «የነዳጅ መቆጣጠሪያ» ይለዋል። ይህ ስያሜ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ በሥራ ረገድ ግን ባዶ ነው። መቆጣጠሪያ የሚለው ቃል መዝጊያውንም፣ መለኪያውንም፣ ማብሪያ ማጥፊያውንም ሊሸፍን ይችላል። በነዳጅ ወረፋ ለሚሰለፍ ሾፌር ደግሞ «የነዳጅ ቁጥጥር» የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ምን እንደሚቆጣጠር የማይናገር ስም የሚያስተምረው ነገር የለም።

«ልጓም» የሚለውን ቃል መርምረነው ነበር። በቅሎ ለሚያውቅ የሰሜን ሰው ምስሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጓም ያቆማል፣ ያዞራልም፤ ይህ ዕቃ ግን ማቆም ሥራው አይደለም። የመረጥነው «ግፊት መጣኝ» የሚለውን ነው። «መጠነ» የሚለው ግስ በማጀት የሚታወቅ ነው፤ ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጅ ሰው መጥኖ መደቆስን ያውቃል። መጣኙ አያግድም፣ አይለካምም፤ ልክን ይጠብቃል። ለመለኪያው «ግፊት መለኪያ» የሚለው ስም አስቀድሞ የተያዘ ስለ ሆነም አይምታቱም።

፮. ስለ ውስጥና ስለ ውጭ ቃላት

ከዚህ በላይ ያቀረብነው ሐሳብ የውጭ ቃላት ሁሉ ይጥፉ ማለት አይደለም። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፊልትሮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ከጣሊያንኛ ገብተው የጋራዡ አማርኛ ሆነዋል። እነዚህ የዕቃ ስሞች ናቸው፤ ዕቃውን በጣት ማሳየት ስለሚቻል ስሙ ከየትም ይምጣ አያሳስትም። ካርቡራቶርንና ፓምፕንም እንደዚሁ እንዳሉ እንተዋቸው። ግፊት፣ ፍሰት፣ ተን፣ መሳብና መግፋት ግን በጣት የማይታዩ ነገሮች ናቸው። የማይታየውን ነገር ለሠራተኛው የሚያሳየው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የስያሜ ጥረታችን ከዕቃው ይልቅ በማይታየው ሥራ ላይ ቢያተኩር ይሻላል።

በዚህ ረገድ ራሳችንን ከመውቀስ ወደ ኋላ አንልም። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በቃላት ሥራ የተሰማራን ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ነው። ቃሉን በግራ ጽፈን በቀኝ አቻውን እንፈልጋለን። «ሬጉሌተር» ሲመጣ «መቆጣጠሪያ» ብለን እናልፋለን፤ ረድፉ ስለ ሞላም ሥራው የተፈጸመ ይመስለናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደ «ርዕዮተ ዓለም» ያሉ የፖለቲካ ቃላት ሥር የሰደዱት ሬዲዮና ጋዜጣ በየዕለቱ ስለ ደጋገሟቸው ነበር። የፓምፕን ቃል የሚደጋግም ሬዲዮ የለም። ቃሉ የሚኖረው መካኒኩ ለረዳቱ ሲናገረው ብቻ ስለ ሆነ፣ ሲነገር የሚጠቅም መሆን አለበት።

፯. ቃላቱ ሲፈተኑ

ስያሜ የሚፈተነው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራውን ባቀረብናቸው ቃላት እንደሚከተለው ጽፈነዋል፦

«መኪናው በዳገት ላይ ተን የሚቋጥር ከሆነ፣ ገፊውን ፓምፕ ከታንኩ አጠገብ ዝቅ አድርገህ ግጠም፤ ከፊቱም ማጣሪያ አግባ። የድሮውን ሳቢ ፓምፕ አንሥተህ ቀዳዳውን በብረት ክዳን ድፈን፤ አለዚያ የሞተር ዘይት ይፈሳል። ከካርቡራቶሩ በፊት ግፊት መጣኝ አስገባ፤ በግፊት መለኪያ እያየህም ለመርፌው ልክ ወደሆነው አውርደው። ኃይሉን በፊዩዝና በሪሌ በኩል ስጠው። ሞተሩ ሲጠፋ ወይም መኪናው ሲጋጭ ፓምፑን የሚያቋርጥ ማብሪያ ሳታስገባ ሥራውን ጨረስሁ አትበል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። ሳቢው የመካኒክ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ገፊው ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ መኪናው ተገልብጦም ቢሆን መግፋቱን አይተውም። ስሙ «ገፊ» መሆኑ ይህንንም አደጋ ያስታውሳል፤ «የኤሌክትሪክ ፓምፕ» የሚለው ስም ግን ስለዚህ የሚናገረው የለም።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተሰጠው ሐተታ መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው ቃላት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ተን ቋጠረ፣ ተን ቋጠሮ፦ ቤንዚን በመስመሩ ውስጥ ተንኖ መንገድ ሲዘጋ። «አየር ያዘ» የሚለው ለናፍጣ መስመር ብቻ ይቆይ።
ለ. ሳቢ ፓምፕ፣ ገፊ ፓምፕ፦ በሥራቸውና በቦታቸው የተለዩ።
ሐ. ፍሰት፣ ግፊት፦ በ«ጉልበት» ምትክ፤ የመጀመሪያው በሊትር፣ ሁለተኛው በባር የሚነገር።
መ. ግፊት መጣኝ፦ በፓምፑና በካርቡራቶሩ መካከል ለሚገባው ሬጉሌተር።

እነዚህ ቃላት የመጨረሻ ናቸው የሚል እምነት የለንም። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስና በአዲ አርቃይ ጋራዦች ከእነዚህ የተሻሉ ቃላት የሚነገሩ ከሆነ አንባቢያን ቢጽፉልን በምስጋና እንቀበላለን፤ የኛንም ለመተው ዝግጁዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀርበው ቃል ከሊማሊሞ ዳገት በታች ለቆመ ሾፌርና ቁልፉን ለማዞር ለተዘጋጀ መካኒክ በመጀመሪያ ይነበብለትና፣ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። ትክክለኛውን ነገር ካደረገ ቃሉ ለመዝገባችን በቅቷል።